የጣሪያው ገበር

ባለፈው ሳምንት የቤቴን ጣሪያ ላስቀይር ብዬ የግንባታ ዕቃ መሸጫ ገባሁ። ሻጩ ምላሱ የማያርፍ ወጣት ነው። ከቆርቆሮው ስር የሚነጠፈውን ጥቅል በጥቅል እየዘረጋ፣ ይሄ እርጥበት አያስገባም፣ ያኛው ሙቀት ይከላከላል፣ ይሄኛው ደግሞ እናቴ ትሙት ወደር የለውም ሲለኝ ቆየና፣ "ለመሆኑ ስንት ዓመት እንዲያገለግልሽ ነው የምትፈልጊው?" አለኝ። ደንበኛን ሁሉ የሚጠይቀው ተራ ጥያቄ ነው። እኔ ግን የያዝኩትን ጥቅል ለቅቄ ባንኮኒውን ተደገፍኩ። ልጁ ያመመኝ መስሎት ወንበር አቀረበልኝ። እመለሳለሁ ብዬው ሳልገዛ ወጣሁ።

ያንን ጥያቄ መጀመሪያ የሰማሁት ልጅ ሳለሁ ነው። ጠያቂው አጎቴ፣ ተጠያቂው አባቴ ነበር። ያኔ የሚጣሉት ስለ ጣሪያ መስሎኝ ነበር።

እናቴ የተኛችው በበጋው መጀመሪያ ነው። ሕመሟ ራሷ ውስጥ ነበር። ሻሿን ጠበቅ አድርጋ አስራ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትውላለች። ብርሃን ያን ያህል አያስቸግራትም፤ ድምፅ ግን ይገድላታል። ማንኪያ ሰሃን ሲነካ እጇ ብርድ ልብሱን ይጨመድዳል፤ በር ሲጢጥ ሲል ታቃስታለች። ለእኔ ነገሩ የገባኝ በራሴ መንገድ ነው። እናቴ ከድምፅ ጋር ተኳርፋለች፤ እስኪታረቁ ድረስ እኛም ከእሷ ጎን ቆመን ልናኮርፈው ይገባል። ምን አድርጓት ይሆን እያልኩ ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ።

ቤቱ በሙሉ ዝም አለ። አባቴ የበሩን ማጠፊያ ዘይት አጠጣው። የብረት ሰሃኖቹ ተነሥተው የፕላስቲክ መጡ። ጫማችንን ደጅ አውልቀን በካልሲ እንገባለን። አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር፤ የሚሠራውም እዚያው ቤት፣ መስኮቱ ስር ነው። የስፌት መኪናውን ተሸክሞ አጥር ለአጥር ወደምንዋሰናት ጎረቤታችን ቤት አዛወረው። ጎረቤታችንን ሁላችንም "እትዬ" ነው የምንላቸው፤ ልጆቻቸውን ድረው ብቻቸውን የቀሩ፣ እጃቸው ከቸርነት የማይሰበሰብ ሴት ናቸው። ጎህ ሲቀድ የሚጮኸውን አውራ ዶሮአቸውን እንኳ ለእናቴ ሲሉ ለዘመድ ሰጡት። እኔ ዶሮው በሠራው ጥፋት የተባረረ መስሎኝ ጥሩ አደረጉ ብያለሁ።

የቀረን ጣሪያው ነበር። ቤታችን ኮርኒስ የለውም። ቆርቆሮው ዝቅ ብሎ ማገሩ ላይ ተመትቷል፤ ከስሩ አንዳች ነገር የለም። ጋደም ሲሉ የሚስማሩ ጫፍ ብቅ ብሎ ይታያል። በበጋ ማንም ልብ አይለውም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ወቅቱን ያልጠበቀ ዝናብ መጣ። መጀመሪያ አንድ ሁለት ጠብታ ቋ፣ ቋ አለ። አባቴ መቀሱን እንደያዘ ከእትዬ ግቢ አጥር ዘልሎ ገባ። ከዚያ ዝናቡ ተለቀቀ። ባዶ ቆርቆሮ ስር ያደገ ሰው ያውቀዋል፤ ጎን ለጎን ተቀምጦ እንኳ መደማመጥ አይቻልም። እናቴ አፏን ከፍታ ስትጮህ አየሁ እንጂ ጩኸቷን አልሰማሁትም። አባቴ በጆሮዋ ግራና ቀኝ ትራስ ጭኖ፣ ብርድ ልብስ አከናንቧት፣ ላይዋ ላይ ተደፋ። እኔ የድብብቆሽ ጨዋታ የያዙ መሰለኝ። እኔም ልግባ ብዬ ብርድ ልብሱን ገለጥ ሳደርግ የአባቴ ፊት ረጥቦ አገኘሁት። አባት ያለቅሳል ብዬ ስለማላስብ፣ ላብ ነው ብዬ ተውኩት።

ዝናቡ ሲያባራ እናቴ ለረጅም ጊዜ ስትንቀጠቀጥ ቆየች። አባቴ ደጅ ወጥቶ ሰማዩን አየ። "ክረምቱ ሳይገባ አንድ ነገር ማድረግ አለብኝ፤" አለ ለራሱ። "ክረምቱን ሙሉ እንዲህ ሆና ልትቆይ ነው? አይሆንም። አይሆንም።"

አድጌ ያወቅሁት ነገር አለ። በዚያው ሰሞን ሐኪሙ አባቴን ለብቻው አስቀርቶ፣ ከእንግዲህ የሚደረግላት ነገር እንደሌለ፣ ክረምቱን ካገባደደችም ትልቅ ነገር እንደሆነ ነግሮት ነበር። አባቴ ለአጎቴና ለእትዬ ነገራቸው። ለእናቴ ግን አልነገራትም። ለበሽተኛ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ፊት ለፊት አይነገርም፣ ተስፋዋ ይቆረጣል ብለው ሦስቱም ተማምለው አፋቸውን ዘጉ። ከዚያ በኋላ ለአባቴ የቀረው ጉዳይ አንድ ብቻ ነበር፤ የቀራትን ጊዜ ያለ ጩኸት እንድታሳልፈው።

አጎቴ የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው። ሥራው ጣሪያ ነው፤ አባታቸውም ጣሪያ ሠሪ ነበሩ። እናቴ ራሷ ልጅ ሳለች መሰላሉ ላይ ቆማ ለአባቷ ሚስማር ታቀብል እንደነበር፣ አጎቴ ገና ሲድህ እሷ ቆርቆሮ ላይ ትሮጥ እንደነበር ሁለቱም ደጋግመው ያወሩ ነበር። አባቴ የጠራው ለታ አጎቴ ከቆርቆሮ ስር የሚነጠፍ ያለውን ሁሉ ቁራጭ ቁራጭ ይዞ መጣ።

ሙከራው የተደረገው በእትዬ ጓሮ ነው። ሁለት ወንበር አራርቀው ቆርቆሮ አጋደሙበት። ዳኛዋ እኔ ነበርኩ። አባቴ ከቆርቆሮው ስር አስቀመጠኝና፣ "ሚጢ፣ ከጮኸብሽ ጆሮሽን ያዢ። ዝም ካለ እጅሽን ጭንሽ ላይ አድርጊው። በአፍሽ እንዳትናገሪ፣ እማዬ ትሰማለች፤" አለኝ። ከዚያ አትክልት ማጠጫውን ከፍ አድርጎ ያፈስሳል። ከጨዋታዎቼ ሁሉ የሚበልጥ ጨዋታ ነበር።

ላስቲክ አነጠፉ፤ ጭራሽ ባሰበት፣ ጆሮዬን ያዝኩ። ሬንጅ የጠጣውን ጥቁር ወረቀት፣ ሬንጅ ወረቀት የሚሉትን አነጠፉ፤ ትንሽ ሻል አለ፣ ግን ጆሮዬን ያዝኩ። ስፖንጅ ሲነጠፍ እጄ ወደ ጭኔ ወረደ። አባቴ ደስ ሊለው ሲል አጎቴ ከስፖንጁ ቆንጥሮ አፍንጫው ስር ያዘለት። "ፀሐይ ሲነካው የሚሸተው ሽታ ለጤነኛም አይሆንም። ደግሞ ቶሎ ይፈረፈራል፤" አለው። አባቴ ስፖንጁን ወረወረው።

ከዚያ አባቴ ወደ ውስጥ ገብቶ ለደንበኛ የጀመረውን የክረምት ካፖርት ይዞ መጣ። በሁለት ጨርቅ መሀል ጥጥ ተጠቅጥቆ የተሰፋ ወፍራም ነው። ቆርቆሮውን አንሥቶ ካፖርቱን ከስሩ አጣበቀውና አፈሰሰ። እኔ እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ ጠበቅሁ። ሲቆይብኝ አንገቴን አውጥቼ አየሁ። ውሃው በጫፉ እየወረደ ነው!

"አባዬ፣ እያፈሰስክ ነው እንዴ?"

አባቴ ሳቀ። ስንት ጊዜ ሳይስቅ ከርሞ! አጎቴ ግን አልሳቀም።

"ጋሼ፣ ይሄ እኮ ጥጥ ነው።"

"ይሁን።"

"ቆርቆሮ ሌሊት ያልበዋል። ጥጡ ያንን ላብ በሙሉ ይጠጣዋል። ይበሰብሳል፣ ይከብዳል፣ ማገሩንም ይዞት ይሄዳል። ሬንጅ ወረቀቱን እንምታው ስልህ!"

"ሬንጅ ወረቀቱ ስር ስትጮህ ትኖራለቻ።"

"ለመሆኑ ስንት ዓመት እንዲያገለግልህ ነው የምትፈልገው?"

አባቴ ማጠጫውን መሬት ላይ አስቀመጠ። "አንድ ክረምት። ከክረምቱ በኋላ ምን ያደርግልኛል?"

አጎቴ ፊቱ ደም መሰለ። "እኔ የአንድ ክረምት ጣሪያ አልሠራም! ሰማህ? ለእህቴ የአንድ ክረምት ጣሪያ አልሠራም! ሬንጅ ወረቀቱ ሃያ ዓመት ይቆያል። ሃያ ዓመት ትኑርበት!"

"ቀስ በል፤ ትሰማለች።"

እኔ በመሀል ገብቼ፣ "ለምን ሁለቱንም አታደርጉትም?" አልኩ። አጎቴ ቁጢጥ ብሎ ትከሻዬን ያዘኝ። ንዴቱን ውጦ፣ "ሚጢዬ፣ ጩኸቱን የሚገድለው ጨርቁ ራሱ ቆርቆሮውን ሲነካው ነው። ወረቀቱ መሀል ከገባ ቆርቆሮው እንደ ልቡ ይጮሃል። ወረቀቱን ከስር ካደረግነው ደግሞ ጥጡ ታፍኖ ጊዜውን ሳይጨርስ ይበሰብሳል፤" አለኝ። ይህን ብሎ መዶሻውን ከመሬት አነሣና ደህና ዋሉ እንኳ ሳይል ሄደ።

እኔ ከአጎቴ ጋር ወገንኩ። ሃያ ዓመት የሚቆይ እያለ አንድ ክረምት የሚቆይ የሚመርጥ ምን ዓይነት ሰው ነው? አባቴ ለቤታችን ግድ የለውም ብዬ ተቀየምኩት። ዛሬ ሳስበው ግን፣ ሁለቱም ያችኑ ሴት ነው የሚወዱት። አጎቴ ሬንጅ ወረቀት ሲል እህቱ አትሞትም ማለቱ ነበር፤ አባቴ ጥጥ ሲል ትሞታለች ማለቱ ነበር። ይህን በቃል ሊባባሉት ስለማይችሉ በጣሪያ አሳብበው ተጨቃጨቁ።

ቂሜ ግን ብዙ አልቆየም፤ ሌላ ነገር ተገለጠልኝ። ጣሪያው ከክረምቱ በኋላ የማያስፈልገን ከሆነ ቤት ልንቀይር ነው ማለት ነው! ምሥጢሩን ደርሼበታለሁ ብዬ ልቤ ዘለለ። የአዲሱን ቤት ግቢ በሐሳቤ አሰናዳሁት። ዛፍ ይኖረዋል፤ አባዬ ገመድ አስሮ ዥዋዥዌ ይሠራልኛል፤ እማዬ ትድናለች፤ እንደ ልብ ይጮኻል። እትዬ ጎመን እየቀነጠሱ ሳለ ጆሮአቸው ስር ሄጄ፣ "ከክረምቱ በኋላ እኮ ሌላ ቤት ልንገባ ነው፤" አልኳቸው።

"ማን ነገረሽ የኔ እናት?"

"ማንም። አባዬ ጣሪያው ከክረምት በኋላ አያስፈልገኝም ሲል ሰምቼ ነው።"

እትዬ የያዙትን ጎመን ከነሰፌዱ አስቀምጠው እቅፍ አደረጉኝ። ደረታቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። ስለምንለያይ ሆዳቸው ባብቷል ብዬ፣ "አይዞዎት፣ መጥቼ እጠይቅዎታለሁ፤" ብዬ አጽናናኋቸው።

አባቴ ጨርቄን ማቄን ሳይል ሥራውን ጀመረ። አሮጌ ብርድ ልብሶች፣ የካፖርት ቅዳጅ፣ የእትዬን የቆየ ፍራሽ ጥጥ ሰብስቦ የቤታችንን ጣሪያ የሚያህል ብርድ ልብስ መስፋት ያዘ። የእትዬ ክፍል አልበቃው ሲል በረንዳውን፣ በረንዳው ሲሞላ ግቢውን ወሰደው። የሰዎችን ልብስ መስፋት አቆመ፤ ደንበኞቹ ተራ በተራ እየተቆጡ ጨርቃቸውን ይዘው ሄዱ። ቀና ብሎም አላያቸው። እኔ ጥጡን እየፈለፈልኩ አቀብለዋለሁ። "ቤታችን በርዶታል እንዴ?" ብለው "አዎ፣ በጣም በርዶታል፤" አለኝ። ጣቱን መርፌ ሲወጋው እንኳ አይሰማውም ነበር። በየመሀሉ ብድግ እያለ ደመናውን ያያል።

ሰማዩ እየከበደ መጥቶ ሳለ አጎቴ ተመለሰ። ፂሙ አድጓል፤ ዓይኑ ቀልቷል። ብርድ ልብሱ ጠርዝ ላይ ተቀመጠና መርፌ አነሣ። እነዚያ መዶሻ የለመዱ ጣቶቹ ክሩን ማስገባት ሲያቅታቸው እኔ አስገባሁለት። አባቴ አየውና፣ "ምን አሉህ?" አለው።

"ያው ነው፤" አለ አጎቴ። "አንድ ቃል አይጨምሩ፣ አንድ ቃል አይቀንሱ።"

ተረታ ማለት ነው አልኩ በልቤ። ያን ሁሉ ቀን የእናቴን ራጅ በብብቱ ይዞ ከሐኪም ሐኪም ሲዞር፣ አንድ ሰው ሌላ ነገር ይለኛል ብሎ ደጅ ሲጠና መክረሙን የነገረኝ እሱ ራሱ ነው፤ እኔ ልጅ ከወለድኩ በኋላ።

እናቴን ለምርመራ ሆስፒታል አስተኟት። የምርመራው ነገር ሰበብ ነበር፤ መዶሻው እንዳይሰማት ነው። እሷ እንደሄደች ቆርቆሮው ወረደ። ቤታችን ሰማይ ሲያስገባ፣ አልጋዋ ላይ ፀሐይ ሲያርፍበት አይቼ ጨፈርኩ። ጎረቤት ተሰብስቦ ያንን ግዙፍ ብርድ ልብስ ተሸክሞ አወጣው። አጎቴ ማገሩ ላይ ወጥሮ ቆርቆሮውን መልሶ መታው። ሲጨርስ ግን ከታች ሲያዩት የብርድ ልብሱ ቀይና ሰማያዊ እራፊ ቁልጭ ብሎ ይታያል። አባቴ ለዚያም መላ ነበረው። ጥቁር ጨርቅ አምጥቶ ከስር ወጠረበት።

"ገበር የሌለው ልብስ ሰፍቼ አላውቅም፤" አለ። አጎቴም "ሬንጅ ወረቀት ነው በላት፤" አለው። ወደ እኔ ዞረው ጥጡን እንዳታነሺ አሉኝ። ድንገተኛ ስጦታ ነውና እሺ አልኩ።

እናቴ ስትመለስ አቅም አልነበራትም። አባቴ ተሸክሞ አስገባት። ጋደም ብላ ለረጅም ጊዜ ወደ ላይ አየች።

"ጥቁሩ ምንድን ነው?"

"ሬንጅ ወረቀት።"

ከንፈሯ ፈገግ አለ። "ጎበዝ። እኔ እኮ ላስቲክ ታደርጉብኛላችሁ ብዬ ፈርቼ ነበር። እንግዲህ ሚጢን እስክድር አይነካም።"

አባቴና አጎቴ ሁለቱም መሬት መሬት አዩ። ደክሟቸው ነው አልኩ።

ክረምቱ የገባው በቀን ነው፤ ከምሳ በኋላ። ሁላችንም ቤት ነበርን። ሰማዩ ሲጠቁር አባቴ ሁለቱን ትራሶች ይዞ አልጋው አጠገብ ቆመ። አጎቴ በሩን ተደግፎ ጣሪያውን ያያል፤ ከንፈሩን ነክሶታል። እኔ መስኮቱ ላይ ነኝ። ጠብታው መሬቱን ሲመታ፣ አቧራው ሲነሣ፣ ከዚያ ውሃው ግቢውን ሲያጥለቀልቀው አየሁ። ቤት ውስጥ ግን የሚሰማው ሰው ከሩቅ ሲያንሾካሹክ ያህል ነው። አባቴ ትራሶቹን ቀስ ብሎ አወረዳቸው። አጎቴ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። በደስታ ልጮህ ስል አፌን ያዝኩ።

እናቴ ዓይኗን ገለጠች። "ውጭ ምንድን ነው?"

"ዝናብ ነው እማዬ! ከባድ ዝናብ!" አልኳት በሹክሹክታ።

"ዝናብ?"

አዳመጠች። ፊቷ ተፈታ፤ ከታመመች ወዲህ ግንባሯ እንዲያ ሲላላ አላየሁም። ቀጥሎ ዓይኗ ወደ ጥቁሩ ጨርቅ ሄደና እዚያው ቀረ። ፈገግታዋ ቀስ በቀስ ጠፋ።

"ሬንጅ ወረቀት እንዲህ ዝም አያሰኝም፤" አለች። "ጥጥ ነው አይደል?"

"እታለም..." አለ አጎቴ።

"እኔን አታሞኘኝ። አንተ ሳትወለድ ነው እኔ ጣሪያ ላይ የወጣሁት። ጥጥ ከአንድ ክረምት አያልፍም።" ወደ አባቴ ዞረች። "ሐኪሙ ነው እንዲህ ያለው? ክረምቱን ብቻ?"

ሐኪም ስለ ጣሪያ ምን አግብቶት ብዬ ገረመኝ። አባቴ አልጋው ጠርዝ ላይ ዘጭ አለና እጇን ያዘ። ያን ሁሉ ወራት አንዲት ኮሽታ እንዳትሰማ ሲጠብቃት ኖሮ፣ በስተመጨረሻ የነገራት ያ ዝምታ ነው። ልብስ ሰፊና ጣሪያ ሠሪ ተጋግዘው ሁሉን ሲያስቡ፣ የማንን ልጅ እንደሚሸፍኑ ረሱት።

እናቴ አላለቀሰችም። "በሉ ተዉ። የተሠራው ተሠርቷል፤ ልተኛበት፤" አለች። ከዚያ ወንድሟን ጠራችው። "በጋ ሲሆን አውርደው። በስብሶ ልጄ ላይ እንዳይንጠባጠብ። ያኔ ሬንጅ ወረቀቱን ምታላቸው። ጥሩውን። በእኔ ማል።"

አጎቴ ማለላት። ቃሉንም ጠብቋል፤ እሷ ክረምቱን ሳትጨርስ ብትሄድም፣ በጋው ሲመጣ እያለቀሰ ያንን ብርድ ልብስ አውርዶ ጣሪያውን እንዳለችው ሠራው።

እኔ ግን በዚያች ሰዓት ነገሩ አልጣመኝም። ልንለቀው ነው ብዬ ለጠበቅሁት ቤት ደግሞ ሌላ ጣሪያ? ምሥጢሬን ይዤ መቆየት አቃተኝና አልጋው ላይ ወጥቼ ጆሮዋ ስር ገባሁ።

"እማዬ፣ ከክረምቱ በኋላ እኮ ሌላ ቤት ልንገባ ነው። ዛፍ ያለው።"

ፀጉሬን ዳበሰችኝ። እጇ ቀዝቃዛ ነበር።

"እናንተ የትም አትሄዱም የኔ እናት፤" አለችኝ። "እዚሁ ናችሁ።"

አባቴ ብድግ ብሎ ጫማውን እንኳ ሳያደርግ ወጣና ግቢው መሀል ዝናቡ ላይ ቆመ። ጣሪያው ማፍሰስ አለማፍሰሱን ሊያይ ነው ብዬ አልተከተልኩትም። ዛፌ ስለቀረብኝ አኩርፌ ጀርባዬን ሰጠኋት። እሷም ክንዷን ላዬ ላይ አድርጋ ዝናቡ ሳያባራ እንቅልፍ ወሰዳት።